ምዕራፍ 5፦ ካሣ፣ የአራስ ቤቱና የፍርድ ቤቱ

“ካሣ” የሚለው ቃል በአማርኛ ሁለት ቤት አለው። አንዱ ፍርድ ቤት ነው። ንብረት ሲወድም፣ አካል ሲጎዳ፣ ውል ሲፈርስ ተበዳዩ የሚጠይቀው ገንዘብ ካሣ ይባላል። ሁለተኛው አራስ ቤት ነው። ልጅ የሞተባት እናት ሌላ ስትወልድ፣ ወይም አባት ከሞተ በኋላ ጽንሱ በሰላም ሲወለድ፣ ቤተሰቡ ሕፃኑን ካሣ፣ ካሣሁን፣ ካሣነሽ፣ ምትኩ፣ ማስረሻ ወይም ቤዛ ብሎ ይሰይመዋል። ዐፄ ቴዎድሮስም ዐፄ ዮሐንስ 4ኛም ዘውድ ከመጫናቸው በፊት ስማቸው ካሣ ነበር፤ አንዱ ካሣ ኃይሉ፣ ሌላው ካሣ ምርጫ። በመጀመሪያው ቤት ካሣ የሚቆጠር ነገር ነው። በሁለተኛው ቤት ካሣ የሚያለቅስ፣ ጡት የሚፈልግ፣ አድጎም በስሙ የሚጠራ ሰው ነው።

ሁለቱ ትርጉሞች አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ክፍለ ከተማ ጎረቤት ሆነዋል። ልደታ ስሙን ያገኘው ከልደታ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ቃሉ ልደትን፣ የድንግል ማርያምን መወለድ ይጠራል። ይሁንና “ልደታ” ሲባል ብዙ የከተማው ሰው ፊት ድቅን የሚለው የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት የልደታ ምድብ ነው። ፋይል ይዞ ደረጃ የሚወጣው ሰው የሚጠይቀው ካሣና ማለዳ ነጠላዋን መስቀለኛ አጣፍታ ወደ ቤተ ክርስቲያን የምትሄደው እናት በልጇ ስም የምትጠራው ካሣ ፊደሉ አንድ ነው።

ክርስትና ስለ መሥዋዕትና ስለ ሥርየት፣ ማለትም ስለ ኃጢአት መወገድ፣ የሚያስተምረውን ለመረዳት ከየትኛው ካሣ መነሣት እንደሚሻል መወሰን ግማሽ መንገድ ነው። ከፍርድ ቤቱ ብቻ የተነሣ ሰው ትምህርቱ ሒሳብ ሆኖ ይታየዋል፤ እግዚአብሔርም ዕዳው እስኪከፈለው ፊቱን ያጠቆረ አበዳሪ። የኢትዮጵያ ሊቃውንት ትምህርትና ሥርዐተ ቅዳሴው በብዛት የሚቆሙት ግን በአራስ ቤቱ በኩል ነው፦ ካሣ ማለት ባዶ የቀረውን ቦታ የሚሞላ ሕይወት ማለት ነው።

ሺህ ብር

የ1952 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2116 ለሞራል ጉዳት የሚሰጥ ካሣ ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ሕጉ ሲወጣ ሺህ ብር ቀላል ገንዘብ አልነበረም፤ ዛሬ ለአንድ ቀን የለቅሶ ቤት ወጪ እንኳ አይበቃም። ጠበቆች በዚህ ጣሪያ ሲያማርሩ ኖረዋል። ሆኖም ቁጥሩ አሥር ሚሊዮን ቢሆንስ? ልጁን ያጣ ሰው አሥር ሚሊዮኑን ተቀብሎ “ሒሳቡ ተዘጋ” አይልም። ሕግ አውጪው ይህን ስለሚያውቅ ይመስላል ለገንዘቡ ጣሪያ ያበጀለት።

በ2000ዎቹ መጀመሪያ አሮጌው የልደታ ሰፈር ፈርሶ በቦታው ኮንዶሚኒየም ሲሠራ በነዋሪው አፍ ላይ የነበሩት ሁለት ቃላት “ካሣ” እና “ምትክ” ነበሩ። የዚያን ጊዜው አዋጅ ቁጥር 455/1997 ለግድግዳው፣ ለጣሪያው፣ ለአጥሩ ዋጋ ይተምን ነበር። ዕድሩ፣ የቡና ጉርብትናው፣ “ልጆቼን እይልኝ” ተብሎ በር ሳይቆለፍ የሚኬድበት መተማመን ግን በየትኛው መስፈርት ይለካል? አዋጁን የተካው ቁጥር 1161/2011 ለማኅበራዊ ትስስር መቋረጥ የሚከፈል ካሣ ጨመረ። ቅር ያሰኘውን ነገር ሕጉ ራሱ አምኗል ማለት ነው። ያም ሆኖ የሚከፈለው ገንዘብ ነው፤ ጎረቤት አይደለም።

በምዕራፍ 3 እንደተብራራው “ኃጢአት” የሚለው የግዕዝ ቃል የወጣው “ኀጥአ” ከሚለው ግሥ ነው፤ ትርጉሙም አጣ፣ ጎደለው፣ ሳተ ነው። የአማርኛው “አጣ” የዚሁ ግሥ ዘመድ ነው። ኃጢአት በዚህ አነጋገር ከተጣሰ ደንብ በፊት የጠፋ ነገር ነው። አዳም ያጣው ከእግዚአብሔር ጋር የነበረውን ኑሮ ነው፤ በሞት የሚያልቅ ሰውነትም የዚያ ማጣት ውጤት ነው። ጉዳቱ ማጣት ከሆነ ካሣውም የጠፋውን የሚመልስ መሆን አለበት። ሰፈር ለጠፋበት ሰው ሰፈር፣ ሕይወት ለጠፋበት ሰው ሕይወት።

ደሙ ለምን?

አንባቢን የሚያስቸግረው ደሙ ነው። ኦሪት ዘሌዋውያን የበሬ፣ የበግ፣ የፍየል፣ የርግብ ደም ከገጽ ገጽ የሚረጭበት መጽሐፍ ነው። ዘመናዊው አማርኛ ደግሞ ችግሩን አብሶታል። “መሥዋዕትነት ከፈለ” ሲባል ሞተ ማለት ሆኗል፤ መሥዋዕት የሚለውም ቃል ከሞት ሌላ ነገር የማያስታውስ እስኪመስል ድረስ ጠብቧል። አንዳንዱ እንዲያውም ከ“ሰማዕት” ጋር ያምታታዋል። ሰማዕት ማለት ምስክር ማለት ነው፤ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በፋሺስት ጥይት አዲስ አበባ ላይ የተገደሉት አቡነ ጴጥሮስ ሰማዕት የተባሉት በሞታቸው ስለመሰከሩ ነው። መሥዋዕት ግን “ሦዐ” ከሚለው ግሥ የመጣ፣ ለአምላክ የቀረበ ነገር ሁሉ ስም ነው፤ እህልም ሊሆን ይችላል፣ ዕጣንም፣ ወይንም።

ዘሌዋውያንን በጥንቃቄ ለሚያነብ ሦስት ነገሮች ይገለጡለታል። የመጀመሪያው የሥራ ክፍፍሉ ነው። በተለመደው መሥዋዕት እንስሳውን የሚያርደው ያመጣው ሰው ነበር፤ የካህኑ ሥራ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ደሙን ተቀብሎ ወደ መሠዊያው ሲያደርስ ነው። ማረድ ዋናው ነገር ቢሆን ኖሮ ለምእመኑ ባልተተወ ነበር። ሁለተኛው የድሀው ፈቃድ ነው። ሁለት ርግብ መግዛት ያቃተው ሰው ለኃጢአት መሥዋዕት የኢፍ መስፈሪያ አሥረኛ እጅ፣ ሁለት ሊትር ገደማ የሚሆን ዱቄት ማቅረብ ይችል ነበር። ከዱቄት ደም አይወጣም፤ ኃጢአቱ ግን ይሰረይለታል። ሦስተኛው መጽሐፉ ራሱ የሚሰጠው ምክንያት ነው፦ ደም የተመረጠው የሥጋ ሕይወት በደም ውስጥ ስላለ ነው። ለዕብራውያን ደም የሞት ቀለም አልነበረም። በዛሬ ኑሮ ለዚህ የሚቀርበው ምሳሌ ቄራ ሳይሆን ደም ባንክ ነው። በወሊድ ደም ለፈሰሳት እናት ለጋሹ ክንዱን ዘርግቶ የሚሰጣት ሕይወት ነው፤ ማንም ሰው ያንን ከረጢት አይቶ “ሞት ተሰጣት” አይልም።

የዓመቱ ትልቁ ቀን፣ ዕብራውያን ዮም ኪፑር የሚሉት፣ ይህን ይበልጥ ያጎላዋል። የጎንደርና የአካባቢው ቤተ እስራኤላውያን ቀኑን በግዕዝ “አስተሥርዮ” ይሉት ነበር፤ ሥርየት ከሚለው ቃል ጋር አንድ ሥር ነው። በዘሌዋውያን ምዕራፍ 16 መሠረት በዚያ ቀን ሊቀ ካህናቱ ሁለት ፍየሎች ያቀርባል። አንዱ ይታረድና ደሙ ወደ ቅድስተ ቅዱሳን ገብቶ በታቦቱ ላይ ባለው የሥርየት መክደኛ ላይ ይረጫል። በሁለተኛው ራስ ላይ ሊቀ ካህናቱ ሁለት እጁን ጭኖ የሕዝቡን ኃጢአት ይናዘዝበታል፤ ይህ ፍየል ከነነፍሱ ወደ ምድረ በዳ ይሰደዳል። ኃጢአት የተጫነበት ፍየል አይሠዋም፣ የሚሠዋው ኃጢአት አልተጫነበትም። “ኃጢአታችንን በበጉ ላይ ጭነን ገደልነው” የሚለው የተለመደ አነጋገር ከዚህ ሥርዐት ጋር አይገጥምም።

ታዲያ የታረደው ፍየል ደም ምን ይሠራል? አሜሪካዊው አይሁዳዊ ሊቅ ጃኮብ ሚልግሮም ከ1991 እስከ 2001 እ.ኤ.አ. በሦስት ቅጽ ባሳተመው የዘሌዋውያን ማብራሪያ መልሱ “ማጽዳት” ነው ይላል፤ የሚጸዳውም በመጀመሪያ ቤተ መቅደሱ ነው። የአገራችን ጓዳ ይህን ለማስረዳት ያመቻል። እንጨት የሚነድበት ቤት ጣሪያው በጥላሸት ይጠቁራል። ጥላሸቱን የፈጠረችው የአንድ ቀን እሳት አይደለችም፤ ዕለት በዕለት ያለ ሐሳብ የጨሰ ጭስ ተጠራቅሞ ነው። አንድ ቀን ጣሪያው መጠረግ፣ ግድግዳው መመረግ አለበት፤ ያለዚያ ቤቱ ሰው አያስቀምጥም። የሕዝብ ኃጢአትም እንዲሁ ሰፈር መካከል ባለው የአምላክ ማደሪያ ላይ ይጠቁራል፤ ሞት ባረከሰው ስፍራ ላይ ሕይወት፣ ማለትም ደም፣ ይረጭና ይነጻል። የሚልግሮም አሳብ በሁሉም ዘንድ ተቀባይነት አላገኘም። ቢሆንም ደሙ የሚሄደው ወደ ተቆጣ ዳኛ መሆኑ ቀርቶ ወደ ቆሸሸ ቤት መሆኑን ማሳየቱ ብዙ ውይይት ቀይሯል።

ቁራኛና ዋስ

በቀድሞው የኢትዮጵያ ፍርድ ባለዕዳና ባለገንዘብ፣ ከሳሽና ተከሳሽ ቁራኛ ይደረጉ ነበር። በሰንሰለት ወይም ነጠላቸው ጫፍ ለጫፍ ተቋጥሮ አብረው ይውላሉ፣ አብረው ያድራሉ፤ ዋስ እስኪገኝ። ዋስ የሆነው ሰው ዕዳውን ያልተበደረ ነው። “በእኔ ይሁን” ብሎ ሲገባ ግን የሌላው ጣጣ የእሱ ይሆናል። ልደታ ፍርድ ቤት በር ላይ የዘመድ ዋስ ለመሆን የደመወዝ ማረጋገጫ ይዞ የሚጠብቅ ሰው የዚህ የጥንት ሥርዐት ወራሽ ነው።

የቤተ ክርስቲያን አባቶች ስለ መስቀል በመጀመሪያዎቹ መቶ ዘመናት ያስተማሩት በአብዛኛው በዚህ ሥዕል ነበር፦ የሰው ልጅ ቁራኛ ነው፣ ክርስቶስ ቤዛ ነው። “ቤዘወ” በግዕዝ ተቤዠ፣ ዋጋ ከፍሎ አስለቀቀ ማለት ነው። በኢትዮጵያ ትምህርቱ በጣም የሚታወቅ ታሪክ ሆኗል። ዲያብሎስ አዳምንና ሔዋንን መከራ አጽንቶባቸው አገልጋዮቹ መሆናቸውን የሚያረጋግጥ ደብዳቤ ያጽፋቸዋል፤ በሁለት ዕብነ በረድ ላይ ቀርጾ አንዱን ዮርዳኖስ ውስጥ ይጥለዋል፣ ሌላውን ሲኦል ይቀብረዋል። ክርስቶስ በጥምቀቱ የዮርዳኖሱን፣ ወደ ሲኦል በመውረዱ ሁለተኛውን ይደመስሳል። ጥር 11 ቀን በየጥምቀተ ባሕሩ ይህ ታሪክ ሳይሰበክ የሚያልፍበት ዓመት የለም። መነሻው ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆላስይስ ሰዎች ስለ ተደመሰሰው የዕዳ ጽሕፈት የጻፈው ነው። በሰነድና በማኅተም ብዙ ለተንገላታ ሕዝብ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ይከብዳል። ቀጠሮውም ረጅም ነበር፤ ለአዳም የተሰጠው ተስፋ አምስት ቀን ተኩል ሲሆን፣ አንዱ ቀን እንደ ሺህ ዓመት ተቆጥሮ 5,500 ዘመን ማለት ነው።

ሥዕሉ አንድ አስቸጋሪ ጥያቄ ይወልዳል፦ ቤዛው ለማን ተከፈለ? የኑሲሱ ጎርጎርዮስ፣ በ4ኛው መቶ ዘመን፣ ክፍያውን ከዓሣ አጥማጅ መንጠቆ ጋር አመሳሰለው፤ ዲያብሎስ ሥጋውን ማጥመጃ ምግብ መስሎት ሲውጥ በውስጡ የነበረው መለኮት ያዘው። ጨዋታው ደስ ይላል፤ እግዚአብሔርን አታላይ ማስመሰሉ ግን አይካድም። የእሱው ወዳጅ ጎርጎርዮስ ነባቤ መለኮት ነገሩን ፊት ለፊት ጠየቀ። ለዲያብሎስ ከተከፈለ ወንበዴ እግዚአብሔርን ያህል ዋጋ ተቀበለ ማለት ነው፤ ነውር ነው። ለአብ ከተከፈለስ፣ አስሮ የያዘን አብ አልነበረምና ለምን ይከፈለዋል? የእርሱ መልስ አብ መሥዋዕቱን የተቀበለው ስለ ጠየቀ ወይም ስለ ቸገረው አይደለም፣ የሰው ልጅ አምላክ በለበሰው ሰውነት መቀደስ ስለነበረበት ነው የሚል ነው። ምሳሌ እስከ መጨረሻ ሲጎተት ይበጠሳል። ዋስትና የሚያሳየው “በሌላው ቦታ መግባትን” ነው፤ ገንዘቡ ወደ ማን ኪስ እንደገባ መፈለግ ከምሳሌው በላይ መጠየቅ ነው።

ከካንተርበሪ እስከ ጄኔቫ

በምዕራቡ ዓለም ጥያቄው ሌላ መንገድ ያዘ። የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ አንሴልም በ1098 እ.ኤ.አ. ባጠናቀቀው መጽሐፉ ዲያብሎስን ከነደብዳቤው ከችሎቱ አስወጣው። ኃጢአት የጌታን ክብር መንካት ነው፤ የተነካ ክብር ካሣ ይሻል፤ ካሣው ወሰን የለውም፤ ሰው መክፈል አለበት፣ መክፈል የሚችለው ግን እግዚአብሔር ብቻ ነው፤ ስለዚህ አምላክ ሰው ሆነ። አንሴልም የኖረው ባላባትና ጭሰኛ በክብር ደረጃ በሚተሳሰሩበት አገር ነበርና አሳቡ በዘመኑ ሰው ጆሮ ወዲያው ገባ። ከእሱ ጥቂት ቆይቶ ጴጥሮስ አቤላርድ የመስቀሉ ኃይል የሰውን ልብ በፍቅር ማቅለጡ ነው ብሎ ሊያለዝበው ሞከረ። በ16ኛው መቶ ዘመን ደግሞ በጄኔቫ ያስተማረው ዣን ካልቪን፣ በወጣትነቱ ሕግ የተማረ ሰው፣ የክብሩን ጉዳይ ወደ ወንጀል ችሎት ወሰደው። በደለኛው የሚገባውን ቅጣት ንጹሑ ተቀበለለት። ዛሬ በአዲስ አበባ የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ስብከት ውስጥ በብዛት የሚሰማው ይኸኛው ነው።

የችሎቱ ሥዕል ከመጽሐፍ ቅዱስ ውጭ የመጣ አይደለም። ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች በጻፈው መልእክት ምዕራፍ 3 በሁለት ቁጥሮች ብቻ ከሦስት ቦታ ቃል ይዋሳል፦ “መጽደቅ” ከፍርድ ቤት፣ “ቤዛነት” ከባሪያ ገበያ፣ “ማስተሥረያ” ከቤተ መቅደስ። ችግር የሚመጣው አንዱ ሥዕል ሌሎቹን ሲውጥ ነው። ንጹሕን በወንጀለኛ ፈንታ የሚቀጣ ዳኛ ልደታ ላይ ቢገኝ ይግባኝ ይጠየቅበታል። የችሎቱን ትምህርት የሚያስተምሩት ሊቃውንት ራሳቸው ዳኛውና ተቀጪው ሁለት እንዳልሆኑ፣ የሚከፍለው ራሱ እግዚአብሔር እንደሆነ አጥብቀው የሚናገሩት ለዚህ ነው። ይህ ሲረሳ፣ በሰነፍ ስብከት ውስጥ ደግሞ ቶሎ ይረሳል፣ የተቆጣ አባትና የሚደበደብ ልጅ ብቻ ይቀራል።

የንጉሡ ቤት

የአራስ ቤቱን ካሣ በግልጽ ያስተማረው የእስክንድርያው አትናቴዎስ ነው። ከኢትዮጵያ ጋር ያለው ዝምድና የቅርብ ነው፤ በ4ኛው መቶ ዘመን ፍሬምናጦስን፣ በኋላ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን የተባለውን፣ ጳጳስ አድርጎ ወደ አክሱም የላከው እሱ ነው። ስለ ቃል ሥጋ መሆን በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ የሰጠው ምሳሌ እንዲህ ነው። ትልቅ ንጉሥ ወደ አንዲት ከተማ ገብቶ ከቤቶቿ በአንዱ ቢቀመጥ ከተማዋ በሙሉ ትከበራለች፤ ሽፍታም ሆነ ጠላት አይደፍራትም። የገባው በአንድ ቤት ነው፣ የተጠበቀው ግን ሰፈሩ ሁሉ ነው። በምዕራፍ 4 ሥጋዌ፣ ማለትም አምላክ ሰው መሆኑ፣ ከመስቀሉ የማይነጠል እንደሆነ የተገለጸው በዚህ ምክንያት ነው። ለአትናቴዎስ ክርስቶስ ወደ ሞት የገባው ሕይወት ይዞ ነው፤ ሞትም በማያልቅ ሕይወት ላይ እጁን ሲጭን አለቀ። እሳት ውኃን ልብላ ብሎ እንደሚጠፋ ማለት ነው።

የላሊበላ ካህናት ይህን በዜማ ያሳያሉ። በቤተ ማርያም ዙሪያ በዐለቱ አፋፍና ከሥር ቆመው “ቤዛ ኩሉ”ን የሚያዜሙት በስቅለት ሳይሆን በልደት፣ ታኅሣሥ 29 ነው። ቤዛ ማለት ሞቶ የሚከፈል ዋጋ ብቻ ቢሆን ኖሮ በግርግም ለተኛ ሕፃን ባልተዘመረ ነበር። ካሣሁን የሚለውን ስም የሰማች እናት ሊቅ ሳያስረዳት ይገባታል፤ ልጁ ካሣ የሆነው በመወለዱ ነው።

ይህ ማለት መስቀሉ ትርፍ ነው ማለት አይደለም። ሰው የሚኖረው ሞት ያለበት ኑሮ ነውና ኑሮውን ሙሉ በሙሉ የተጋራ ሰው ሞቱንም መጋራት ነበረበት። በአብርሃምና በይስሐቅ ታሪክ ላይ የኢትዮጵያ ትርጓሜ የሚያሳርፈው ትኩረትም ይህን ያግዛል። ልጁን ያዳነው በግ ቀንዱ በዕፅ ተይዞ ተገኘ፤ ዕፁ በግዕዝ “ዕፀ ሳቤቅ” ይባላል። መምህራኑ በጉን በክርስቶስ፣ ዕፀ ሳቤቅን አንድም በመስቀል፣ አንድም እሱን በወለደችው በድንግል ማርያም ይመስሉታል። “አንድም” የሚለው የትርጓሜ ስልት እዚህ ላይ ልደትንና ስቅለትን በአንድ ዛፍ አንጠልጥሏቸዋል።

ኅብስቱ በታቦቱ ላይ

የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ውስጣዊ አሠራር የኦሪቱን ድንኳን ይከተላል፤ ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስት፣ መቅደስ። በመቅደሱ መንበር ላይ ታቦት አለ። በኦሪት የፍየሉ ደም የሚረጨው በታቦቱ መክደኛ ላይ ነበር፤ በልደታ ለማርያምም ሆነ በማንኛውም ደብር በቅዳሴ ሰዓት በታቦቱ ላይ የሚቀመጠው ኅብስትና ጽዋ ነው። ኅብስቱ ከስንዴ፣ ወይኑ ከዘቢብ በቤተ ልሔም ይዘጋጃል፤ ቤተ ልሔም ከቤተ መቅደሱ አጠገብ ያለች ትንሽ ቤት ናት፣ ስሟም የክርስቶስን የትውልድ ከተማ ያስታውሳል። ከዚያች ቤት ወጥቶ ወደ ታቦቱ የሚሄደው መንገድ ከልደት ወደ መሥዋዕት የሚሄድ መንገድ ነው። እንስሳ አይታረድም፤ የሊቃውንቱ ምሳሌ ከአሮን ይልቅ በዘፍጥረት 14 ኅብስትና ወይን ይዞ አብርሃምን የተቀበለው መልከ ጼዴቅ ነው።

እዚህ ላይ የክርስቲያኖች ልዩነት አለ። ኦርቶዶክሱም ፕሮቴስታንቱም መስቀሉ አንድ ጊዜ ብቻ የሆነ፣ የማይደገም መሆኑን ያምናሉ፤ የዕብራውያን መልእክት በዚህ ላይ ክርክር አያስተርፍም። ብዙዎቹ ፕሮቴስታንቶች ቅዱስ ቁርባንን መታሰቢያ አድርገው ያዩታል። ለኦርቶዶክስ ግን ቅዳሴው ያው አንዱ መሥዋዕት ለዛሬ ሰው የሚደርስበት መንገድ ነው፤ ሁለተኛ መታረድ ሳይኖር፣ ሕይወቱ ይታደላል። ለመቁረብ የሚመጣው ሰው 18 ሰዓት ጾሞ የሚቆመው ዕዳ ሊከፍል አይደለም፤ ሊመገብ ነው።

የዓመቱ ሥርዐትም ትምህርቱን በሰውነት ያስተምራል። በሰሙነ ሕማማት ካህናት ኑዛዜ ሰምተው አይፈቱም፣ በመስቀል አይባርኩም፤ በዚያ ሳምንት ለሚሞት ሰው የሚሆነው ጸሎተ ፍትሐት አስቀድሞ በሆሣዕና ይደረሳል። ሳምንቱ የ5,500ው ዘመን ምሳሌ ነው፤ ሥርየት ያልተገኘበት ዘመን ምን እንደሚመስል ሕዝቡ ስድስት ቀን ይኖረዋል። ዓርብ ማታ ከብዙ ስግደት በኋላ ካህኑ በወይራ ቅጠል ምእመኑን ቸብ እያደረገ ጥብጠባውን ይፈጽማል፣ ስግደት ያዛል። ቅዳሜ ማለዳ ለምለም ቄጤማ ይታደላል፤ ለኖኅ ርግብ ያመጣችው ቅጠል ምሳሌ ነውና ሰው ግንባሩ ላይ አስሮት ይውላል።

በጉ መቼ መሥዋዕት ነው?

ግንቦት 1 ልደታ ናት። ከዋዜማው ማታ ጀምሮ ጎረቤት ከቤት ውጭ ይሰበሰባል፤ ንፍሮ ይቀቀላል፣ ዳቦ ይቆረሳል፣ ቡና ይፈላል። ኢያቄምና ሐና ልጃቸውን በሊባኖስ ተራራ እንደወለዱና ዘመዶቻቸው በዚያ ንፍሮ እንደበሉ የሚነገረው ትውፊት ከቤት ውጭ ለመብላቱ ምክንያት ነው። ቀኑ ግን ሌላም ታሪክ ተሸክሟል። በብዙ የአገሪቱ ክፍል ግንቦት ልደታ የአድባር ቀን ነበር፤ በትልቅ ዛፍ ሥር በግ ወይም ዶሮ ይታረዳል፣ ግንዱ ቅቤ ይቀባል፣ ዝናቡና ከብቱ ሰላም እንዲሆን ይለመናል። ቤተ ክርስቲያን ይህን አጥብቃ ትቃወማለች። የተቃውሞው ሥር ንፍሮውና ጉርብትናው አይደለም። ለአድባሩ የሚፈሰው ደም ክፍያ ነው፤ አድባሩ እንዳይቆጣ የሚሰጥ ድርሻ። እስካሁን የተባለው ሁሉ ልክ ከሆነ ክርስትና የዘጋው በር ይኸው ነው።

በፋሲካ ሌሊት ከቅዳሴ በኋላ የሚታረደውስ? ባለቤቱ በስመ አብ ብሎ ያርዳል፤ ይህ ጾምን መፍቻ ምግብ ነው፣ ሥርየት አያስገኝም፣ ማንም ካህንም እንዲህ ብሎ አያስተምርም። ስለትም ሌላ ነገር ነው። ልጅ የወለደች፣ ከሕመም የተፈወሰ፣ ከፍርድ ቤት ነጻ የወጣ ሰው የተሳለውን ጃንጥላ፣ መጋረጃ፣ ጧፍ ወይም በግ ያመጣል። ስለት ምስጋና እንጂ ካሣ አይባልም፤ የሚመጣውም ልመናው ከተሰማ በኋላ ነው።

የስለት በግ ደጀ ሰላም ሲደርስ የሚያጋጥመው ነገር ከኦሪቱ ፍየል ጋር ለሚያስተያየው ሰው ያስገርማል። ወደ መቅደስ አይገባም፤ ቅጥር ግቢው ውስጥ ለጨረታ ይቀርባል። ድምፀ ማጉያ የያዘው የሰበካ ጉባኤ ሰው ዋጋ ይጠራል፣ ምእመናን እየተሳሳቁ ይጨምራሉ፣ ገንዘቡ ለቤተ ክርስቲያኑ ገቢ ይሆናል፤ በጉ ደግሞ በአሸናፊው እጅ፣ ገመዱን እየተጎተተ፣ በአራት እግሩ ከግቢው ይወጣል።